ከወንበሩ ሥር

ጠጋ በሉ፤ ይህን የምነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት አማርኛ አያነብም፤ ቢሆንም ሰው እንጀራ ከሚበላበት ቤት ወሬ ሲያወጣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው።

ከአትላንታ በስተደቡብ፣ ከትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ፒችትሪ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቆረቆረች ናት። በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ፣ መኪና የማይገባበት፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አላት፤ በዚያ ላይ የሚርመሰመሱት የተመዘገቡ የጎልፍ ካርቶች ከ10,000 በላይ ናቸው። ጎልፍ ስላልኩ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። ወተት ለመግዛት በካርት ነው፤ ልጅን ኳስ ሜዳ ለማድረስ በካርት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ ካርቶቻቸውን ትምህርት ቤት ደጅ ደርድረው ክፍል ይገባሉ። ከትልልቆቹ አምራቾች ሁለቱ፣ ኢዚ-ጎ እና ክለብ ካር፣ መቀመጫቸው እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ኦገስታና አካባቢዋ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የካርት ባትሪ ማለት ምን ያህል ጉዳይ እንደሆነ ገምቱት።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የኤሌትራውቶ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ የታክሲ ባትሪ ደርድሮ ቻርጅ ማድረግ፣ በጠዋት ባለቤቶቹ ሳይመጡ የነጣውን ሞርሴቶ መፋቅ፣ የጎደለውን የባትሪ ውሃ መሙላት፤ ያደግኩበት ሥራ ይኸው ነው። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያዋን ካርት ወንበር ገልብጬ ከሥሯ ያሉትን ስድስት ባትሪዎች ሳይ ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ። ያው እርሳስ፣ ያው አሲድ፣ ያው ሽታ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራት ነገር ናት፤ ከተማዋ ከመቆርቆሯ ልክ መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠችም።

አሁን ወደ ምስጢሩ።

ደንበኛ መጥቶ «ካርቴ ደክማለች፣ ባትሪ ልቀይር ወይ?» ሲል የፊት ጠረጴዛው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ዓመቱ?» ሰውየው «አራት፣ አምስት» ካለ ዋጋው ይጻፋል። ስድስቱም ይቀየሩ፤ ከአንድ ሺህ ዶላር ያለፈ ሒሳብ። ይህን ማጭበርበር ነው ብዬ አልፈርድም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስድስት ባትሪ አውጥቶ ስድስት ማስገባት የአንድ ሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ ደንበኛውም ተመልሶ አይጮኽም። የትኛዋ እንደታመመች ፈልጎ ማግኘት ግን ቻርጅ አድርጎ፣ አሳድሮ፣ ለክቶ፣ ነድቶ፣ እንደገና ለክቶ ነው፤ ለዚያ ድካም ደግሞ ማንም መክፈል አይወድም። ስለዚህ ጋራዡ የሚያውቀውን ጥያቄ ትቶ የሚቀለውን ይጠይቃል። ዕድሜ እውነት ይጠቁማል፤ በደንብ የተያዘ የእርሳስ ባትሪ ካርት ላይ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይቆያል። ግን አራት ዓመቱ ስድስቱንም ባትሪዎች እኩል አያስረጃቸውም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ካርታቸው በከተማዋ ሐይቅ አጠገብ ባለው ዳገት ላይ ቀጥ ብላባቸው በተጎታች መጡ። ባትሪዎቹ አምስት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱ ተጽፎ፣ ታጥፎ እጃቸው ገብቷል። እኔ ወንበሩን ገልብጬ ገመዶቹን በእጄ ዳበስኳቸው። አራተኛዋንና አምስተኛዋን የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ገና ያቃጥላል፤ ሞርሴቶው ሥር ያለው እርሳስ ቀልጦ ጎድጉዷል። ባትሪዎቹን ስለካቸው ግን ንባባቸው ተቀራራቢ ነው፤ እስካሁን ያን ያህል ሲቀራረቡ ያየሁት በሦስት ዓመት ባትሪ ላይ ነው። ችግሩ የላላ ብሎን ነበር። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ የሞቀው ይቀልጣል፣ የቀለጠው ዳገት ላይ ያቆማል። «እማማ፣ ያንን ወረቀት ለዛሬ ቦርሳዎ ውስጥ ያቆዩት» አልኳቸው በእንግሊዝኛዬ። ገመዱ ከሃያ ዶላር በታች ነበር። ሁለት ዓመት ነዱባት። አለቃዬ ያን ቀን ብዙ አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ግን አየኝ፤ ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ባትሪ ከመጠርጠራችሁ በፊት ገመዱን ዳብሱ። ጎማው ንፋስ ከጎደለው፣ ፍሬኑ ከያዘ፣ ካርቷ ድካሟን ባትሪው ላይ ታሳብባለች። ጎማውን በእጅ ገፍቶ በነፃ መሽከርከሩን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኛ ጋ ግን ማንም አያደርገውም።

ቀጥሎ ውሃ። ከምናየው «ሞት» ስንቱ ጥም እንደሆነ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ክዳኑን በካቻቢቴ ስታነሱት ሳህኖቹ ደርቀው አየር ላይ ይታያሉ። የደረቀው ክፍል ነጭ ሰልፌት ይጋግራል፤ የጋገረውን ደግሞ ውሃ መሙላት አይመልሰውም። አሞላሉ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ቻርጅ ከመደረጉ በፊት እስከ አፉ ይሞላሉ፤ ቻርጅ ሲደረግ አሲዱ ይነፋና ፈስሶ ብረቱን ይበላል። ትክክለኛው ሳህኖቹን የሚሸፍን ያህል ብቻ ጨምሮ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ከክዳኑ አንገት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል መሙላት ነው። የተጣራ ውሃ ብቻ። አሲድ በጭራሽ፤ አሲዱ አልተነነም፣ የተነነው ውሃው ነው። አንዳንዱ የአገሬ ልጅ «አሲዱ ደክሟል» ብሎ አሲድ ጨምሮ የሚመጣብኝ አለ። እሱን ባትሪ ምንም አልለውም፤ ዝም ብዬ አዲስ አወጣለታለሁ።

ቻርጀሩም ይዋሻል። ብዙ ቻርጀሮች ባትሪው ከመጠን በላይ ወርዶ ካገኙት ጨርሶ አይነሡም፤ ሰው ሲሰካው ድምፅ የለም፣ መብራት የለም። «ባትሪው ሞቷል» ይላል አንዱ፤ «ቻርጀሩ ተቃጥሏል» ይላል ሌላው፤ ሁለቱም ሒሳብ ይከፍላሉ። እያንዳንዷን ባትሪ ለብቻዋ በትንሽ ቻርጀር ትንሽ ከፍ ስታደርጓት ትልቁ ቻርጀር እንደ ቀድሞው ይነሣል። ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ረስተው ክረምቱን በሙሉ ያቆሟትን ካርት ስንቱን ጊዜ እንዲህ አድርጌ አስነሥቻለሁ።

እውነተኛው ሞት ግን አለ። እሱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሁለት ዕቃ ነው፤ ቮልት የሚለካ ቴስተርና አሲድ የሚመጥጥ የብርጭቆ ሃይድሮሜትር። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ባትሪ ሩብ አይሞላም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቀለበት አውልቁ፣ ሰዓት አውልቁ፣ መነጽር አድርጉ። ቀለበት ሁለት ብረት ያገናኘ ዕለት ጣት ላይ ይበየዳል፤ ባትሪው የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ ብልጭታ አይወድም።

የቴስተር ትልቁ ወጥመድ ጊዜው ነው። ከቻርጀር እንደወረደ የለካችሁት ቁጥር የእንግዳ ፊት ነው፤ ሁሉም ፈገግ ይላል። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይረፍ፤ ቢያድር ይሻላል። ያረፈ፣ የሞላ ባለ 6 ቮልት ባትሪ 6.37 አካባቢ ያነባል፤ ባለ 8 ቮልቱ 8.49፤ ስድስት ባለ 8 ቮልት ሲደመሩ 50.9 ገደማ። የድምሩን ቁጥር ግን አትመኑት። ሻጭ የሚያሳያችሁ ድምሩን ነው። አምስት ጤነኞች አንድ በሽተኛ ይሸፍናሉ። እኔ የማየው ልዩነቱን ነው፤ አንዷ ከእህቶቿ ምን ያህል ወርዳለች? ደግሞ ቆማ ሳይሆን እየሠራች። አንድ ሰው ካርቷን ዳገት ላይ ይንዳ፣ እናንተ ቴስተሩን በየተራ ያዙ። ጤነኞቹ አብረው ትንሽ ይወርዳሉ፤ የታመመችው ብቻዋን ዘጭ ትላለች። ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ሃይድሮሜትሩ ደግሞ ከዚያ ይጠልቃል፤ ከባትሪው ውስጥ የትኛዋ ሴል እንደሆነች ይነግራችኋል። ባለ 8 ቮልት ባትሪ አራት ሴል አለው፤ በስድስቱ ሃያ አራት። ሃያ አራቱንም እለካለሁ፤ ወገብ ያጎብጣል። ሙሉ የሆነ ጤነኛ አሲድ እፍጋቱ 1.277 አካባቢ ያሳያል። በሴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.030 ሲያልፍ ማመጣጠኛ ቻርጅ ይሰጣቸዋል፤ ማለትም ከሞሉ በኋላ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲፈሉ ይደረጋል፣ የጋገረው ሰልፌት ከፊሉ ይሟሟል። ከማመጣጠኛው በኋላም አንዷ ሴል 0.050 ወርዳ ከቀረች ያች ሴል አብቅቶላታል። እዚህ ላይ ነው «ይቀየር» የምለው። ከዚህ በፊት የሚጻፍ ደረሰኝ ሁሉ ግምት ነው።

ሳይለካ የሚነገርም አለ። አንዷ ባትሪ ከሌሎቹ ይልቅ ውሃ ትጠጣለች። ቻርጅ ላይ ከሌሎቹ ትሞቃለች። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጎኗ ያብጣል፤ ወይም የፖዘቲቭ እግሯ ክዳኑን ገፍቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ውስጥ ያሉት ሳህኖች አብጠው ነው የሚገፉት። ከሁሉ የሚሸውደው ግን ይኸኛው ነው፤ ድሮ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጅ የነበረ ቻርጅ በሁለት ሰዓት ማለቅ። ሰው ደስ ይለዋል፤ «ቶሎ ትሞላለች!» ይላል። ቶሎ የሞላው ማሰሮው ስላነሰ ነው።

ስለ ክምሩ ልንገራችሁ፤ ዋናው ሹክሹክታዬ እሱ ነው። ከየጋራዡ ጀርባ የወጡ ባትሪዎች በእንጨት ማስቀመጫ ላይ ተደርድረው የሪሳይክሊንግ መኪና ይጠብቃሉ። የባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ስለሆነ ገንዘብ ነው፤ በአሜሪካ ከሚጣለው የእርሳስ ባትሪ 99 በመቶው ተመልሶ ይቀልጣል። እንግዲህ ስድስት ባትሪ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሞቱት አንዷ ወይ ሁለቱ ናቸው። የቀሩት አራቱ ወይ አምስቱ ከነሕይወታቸው እዚያ ክምር ላይ ይቀመጣሉ። በምሳ ሰዓት ቴስተር ይዤ የምዞርበት ጊዜ አለ።

ከዓመታት በፊት አንድ የአገሬ ልጅ፣ አትላንታ አቅራቢያ ክላርክስተን የሚኖር፣ ለአባቱ ብሎ ያገለገለች ካርት ገዝቶ መጣ። አባቱ ጉልበታቸውን ታመው ግቢ ለግቢ መንቀሳቀሻ ፈልገው ነው። ሦስተኛዋ ባትሪ ሞታለች።

«ጋሼ፣ አንዷን ብቻ አዲስ አድርግልኝ፤ ስድስት የምገዛበት የለኝም።»

«አዲስ ከአምስት ዓመት ባትሪ ጋር? ወይፈንን ከሽማግሌ በሬ ጋር ጠምደህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ያደግኩት መርካቶ ነው።»

ሳቅሁና አስረዳሁት። ስድስቱ አንድ ገመድ ላይ የተሰለፉ ናቸው፤ ከአንዷ የሚወጣው ጅረት በሌሎቹ ሁሉ ያልፋል። ሽማግሎቹ ቀድመው ይሞላሉ፣ ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ቻርጀሩ ድምሩን እያየ ይዘጋል፤ አዲሷ አንድም ሳትጠግብ ትነሣለች፣ አንድም የእነሱን ድካም ትሸከማለች። በወራት ውስጥ አሮጊት ትሆናለች። ባትሪዎቹ ዓመት ካልሞላቸው አንዷን በአዲስ መተካት ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እኩያ መፈለግ ነው። ከክምሩ ላይ ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ዓመት ያላት አንድ አገኘሁለት። ዋጋዋ ቡናና ቁርስ የማይሞላ ነበር። አባቱ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነዱባት፤ ከዚያ ስድስቱም ተያይዘው ደከሙ፤ ያኔ ልጁ ራሱ መጥቶ «አሁን ጊዜው ነው» አለኝ። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ ሁሉም እኩል ከደከሙ መጠገኑ ገንዘብ መበተን ነው።

ዓመቱን እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። በብዙዎቹ ባትሪዎች የእርሳስ እግር ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ተመትቷል። ፊደሉ ወር ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው። ያገለገለ ካርት ስትገዙ ከላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ትታችሁ እርሳሱን አንብቡ፤ ወረቀት ይለጠፋል፣ ይላጣል። ቀለም የተቀባ ባትሪ ካያችሁ ደግሞ ባትሪ ማን ይቀባል ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሌላም ልጨምር። ሻጩ በሄዳችሁበት ሰዓት ቻርጀሩን ገና እየነቀለ ከሆነ ያ የእንግዳ ፊት ነው። «ዛሬ ንቀለውና ነገ ማታ እመጣለሁ» በሉት። ከዚያ ሜዳውን ሳይሆን ዳገቱን ንዱ፣ ከአምስት ደቂቃም በላይ።

ጎልፍ ክለቦቹ ይህን ሁሉ ጭንቅ አያውቁትም። እነሱ ማሽን አላቸው፤ ባትሪውን በ75 አምፔር ያስተነፍሰውና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያነባል። ትሮጃን ቲ-105 የምትባለው የታወቀችዋ ባለ 6 ቮልት በአዲስነቷ 115 ደቂቃ ትቆያለች ተብላ ነው የምትሸጠው። አዲስ ባትሪም ቢሆን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከሃምሳ እስከ መቶ ጊዜ ከሞላና ከወረደ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ወር «ያታለልከኝ አሮጌ ነው» ብላችሁ አትምጡብኝ። ማሽኑ የሌለው ሰው ማሽኑ መንገዱ ነው። የዘወትር ረጅሙን መንገዳችሁን ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት። ካርቷ ያንን በሐምሌ ሙቀት ስትጨርስ የመጨረሻዋ ዳገት ላይ የምትንፋቀቅ ከሆነ ጃንዋሪን አትሻገርም፤ ውርጭ ሲመጣ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ ከባትሪው አቅም አንድ አምስተኛው ይሸሻል። ስለዚህ የምመክረው ወር ኦክቶበር ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው ብርድ ከተማው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣብናል፤ ያኔ የሚለካ የለም፣ የሚጻፍ ብቻ ነው። ካርቷን ከአትክልት ቦታ ወደ ፖስታ ሳጥን ብቻ የሚነዳ ሰው ግን በግማሽ አቅም ዓመታት ይኖርባታል፤ ለሱ «ቀይር» ማለት ኃጢአት ነው።

ሊቲየም? አዎ፣ እሱም መጥቷል። ቀላል ነው፤ ስድስቱ የእርሳስ ባትሪዎች 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ የሱ የዚያ ሲሶ አይሆንም። ውሃ አይጠይቅም። የራሱን ቻርጀር ግን ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ካርቷን አሥር ዓመት ልትይዟት ካሰባችሁ ግዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልትሸጧት ከሆነ ለሚገዛው ሰው ስጦታ እየሰጣችሁ ነው። ለኔ ሙያ ግን ደስ አይልም። ሣጥን ነው፤ የሚከፈት ክዳን የለው፣ የሚመጠጥ አሲድ የለው። ኮምፒዩተሩ «አበቃ» ካለ አበቃ።

አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። የራሴ ካርት አለችኝ፤ ባትሪዎቿ እግር ላይ «ኤፍ 8» ተመትቷል። ስሌቱን እናንተም ትችላላችሁ። ባለፈው እሑድ ሃያ አራቱንም ለካኋቸው። አምስተኛዋ ባትሪ ውስጥ ያለች አንድ ሴል ከእህቶቿ 0.060 ወርዳለች፤ ማመጣጠኛ ሰጥቻት ነበር፣ አልሰማችም። ለደንበኛ ቢሆን ሳልጨርስ «ይቀየር» እለዋለሁ። ባለቤቴ «ሰው ስታክም ውለህ የራስህን» ብላ ትስቅብኛለች። ክምሩ ላይ እኩያዋን እየፈለግሁ ነው። እስከዚያው እስከ ሐይቁ ድልድይ ድረስ እንነዳለን፤ ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ዳገት ሳንሞክር እንመለሳለን።